የወደፊት ባልደረቦቻችሁ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉላችሁ፣ ከዚያም ሥራው ሲሰጣችሁ

ብዙ ቀጣሪዎች ከአለቃው ቃለ መጠይቅ ሌላ ከቡድኑ አባላት ጋርም ያገናኛሉ። ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ። ወሬው ዘና ያለ ስለሚሆን ብዙ ሰው "ይሄኛውስ ቀላል ነው" ብሎ ይዘናጋል። አትዘናጉ። ስትወጡ "እንዴት አገኛችሁት?" ተብለው ይጠየቃሉ። እናንተም የሥራውን እውነተኛ መልክ የምትሰሙት ከእነሱ ነው።

መጀመሪያ እነማን እንደሚገኙና ምን እንደሚሠሩ ቀድማችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ከዚያ ከሰው ጋር ስለሠራችኋቸው ሁለት ሥራዎች ለመናገር ተዘጋጁ። አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ውጤት ይጠይቃል። ባልደረባ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀዋል፦ ሥራ ሲደራረብ ታግዙታላችሁ? ስትሳሳቱ ቶሎ ትናገራላችሁ? ስለዚህ ሁሉንም "እኔ ሠራሁት" አትበሉ። የእናንተን ድርሻና የሌላውን ለይታችሁ ተናገሩ። የድሮ ባልደረባን ግን በፍጹም አትሙ። ነግ በእኔ ይላሉ።

ቀጥሎ የመጠየቅ ተራው የእናንተ ነው። እዚህ ላይ በደንብ ተዘጋጁ። "የሥራ አካባቢው እንዴት ነው?" ካላችሁ "አሪፍ ነው" ትባላላችሁ፤ በቃ። "ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?" በሉ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ያስታውሳል፣ ዝርዝሩም ይመጣል። "ቦታው ለምን ክፍት ሆነ?" ብላችሁም ጠይቁ። "በቅርቡ ያልተስማማችሁበት ነገር ምን ነበር? ማን ወሰነ?" የሚለውም ብዙ ይናገራል። አንዱን ጥያቄ ለተለያዩ ሰዎች አቅርቡና መልሶቹን አስተያዩ። ደመወዛቸውን ግን አትጠይቁ።

እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎችን "ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ከመመለሷ በፊት ጎኗ የተቀመጠውን አየችው። እሱ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። "እንደ ሥራው ነው" አለች። ደመወዙ አጓጉቶኝ ስለነበር ነገሩን አለፍኩት። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ማምሸት ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ በጊዜ ቤት የገባሁባቸው ቀኖች ይቆጠራሉ። ያኔ "ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመሻችሁ?" ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ ስታዩ በትሕትና ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጨምሩ።

እንደወጣችሁ የሰማችሁትን ጻፉ፤ ማታ ላይ ግማሹ ይረሳል። በዚያው ቀን አጭር ምስጋና ላኩ።

"ተቀብለንሃል" ወይም "ተቀብለንሻል" የሚል ስልክ ሲመጣ ደስታችሁን አትደብቁ። ግን እዚያው እሺ አትበሉ። "በጣም ደስ ብሎኛል፣ በጽሑፍ ላኩልኝና እስከ ሐሙስ መልስ እሰጣለሁ" በቂ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ የሥራ መደቡን፣ ተጠሪነታችሁ ለማን እንደሆነ፣ የሙከራ ጊዜውን፣ የዓመት ፈቃዱንና ለመልቀቅ ምን ያህል ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ እዩ። ደመወዙ ከግብርና ከሌሎች ተቀናሾች በፊት ነው ወይስ የተጣራ? ይህን ሳያጣሩ የፈረሙ ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍያ ሲያዩ ይደነግጣሉ።

አሁን ማስታወሻችሁን አውጡና ከወረቀቱ ጎን አስቀምጡት። ደመወዙ አሁን ከምታገኙት 20 በመቶ ይበልጣል እንበል። ነገር ግን በሳምንት 40 ሰዓት ትሠሩ የነበረው 50 ሊሆን ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም የለም። ሰዓቱ በ25 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በሰዓት ስታሰሉት ከድሮው በ4 በመቶ ያነሰ ትከፈላላችሁ።

ጭማሪ ከፈለጋችሁ ቁጥሩንና ምክንያቱን አንድ ላይ ተናገሩ። "ባልደረቦቻችሁ ይህንንም ሥራ እንደምሸፍን ነግረውኛል፣ ስለዚህ ይህን ያህል ቢሆን" ማለት "ትንሽ ጨምሩልኝ" ከማለት ይሻላል። ሌላ ቦታ ተቀብሏችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሯቸው። ያልተሰጣችሁን ግን ተሰጠኝ አትበሉ፤ "እንግዲያው እዚያ ሂዱ" ሊሏችሁ ይችላሉ። የሚከነክናችሁ ነገር ካለ ከቡድኑ አንዱን ለ15 ደቂቃ እንደገና ለማናገር ጠይቁ።

አሁን ያላችሁበት ሥራ ላይ መልቀቂያ የምታስገቡት ሁለቱም ወገን የፈረመበት ውል እጃችሁ ሲገባ ነው። የስልክ ቃል ብቻ ይዛችሁ አትልቀቁ። አልፈልግም ካላችሁም በቀጠራችሁት ቀን፣ ከተቻለ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ ተጠባባቂ ሆኖ ስልኩን የሚያይ ሌላ ሰው አለ።