በእጅ የተገጣጠመ አማተር ሬዲዮ አልሰራ ሲል

ስንት ማታ የተደከመበት ሬዲዮ በርቶ ጭጭ ሲል ሆድ ያስብሳል። እጅም ወዲያው ወደ መበየጃው ይሮጣል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ሳይለኩ ዕቃ መቀያየር በአንዱ ብልሽት ላይ ሌላ ይጨምራል።

ለምሳሌ ህንዳዊው አሽሃር ፋርሃን የነደፈውን፣ በ7 ሜጋኸርዝ የሚሰራውን ቢትኤክስ 40 የተባለ ተቀባይና ላኪ ሬዲዮ እንውሰድ። አካሄዱ ለሌሎቹም ይሆናል።

መጀመሪያ ኃይሉ። ሬዲዮውን ሳታበሩ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል በመልቲሜትር ለኩ። ዜሮ ኦም አካባቢ ካሳየ ሾርት አለ። ደህና ከሆነ 12 ቮልቱን በመኪና አምፖል በኩል አሳልፋችሁ ስጡት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ ቶሎ አጥፉ፤ ቦርዱን ከመቃጠል አድኖላችኋል።

ቀጥሎ ከስፒከሩ ተነስታችሁ ወደ አንቴናው ሂዱ። ቮልዩሙን ከፍ አድርጉና የቮልዩሙን መካከለኛ እግር በጠባብ ካቻቪቴ ንኩ፤ ጣታችሁ ብረቱን ይንካ። "እምምም" ካለ የድምፅ ማጉያው ጤነኛ ነው። ዝም ካለና ማጉያው ኤልኤም 386 የተባለው ቺፕ ከሆነ፣ 6ኛው እግር ላይ ሙሉ ቮልቴጅ፣ 5ኛው ላይ ግማሹ ገደማ መኖር አለበት።

በ12 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገድ የሚፈጥረውን ኦሲሌተር ለመፈተሽ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ አጠገቡ አስቀምጡና 12 ሜጋኸርዝ አካባቢ ፈልጉ። ሹሹታው ድንገት ጸጥ ያለበት ቦታ ላይ ኦሲሌተሩ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥቅልሎቹ፣ ማለትም ከመዳብ ሽቦ ወደተጠመጠሙት ኮይሎች። እኔን ሦስት ቀን ያንከራተተኝ እዚህ ነበር። የመዳብ ሽቦው ላይ ቀለም የሚመስል ሽፋን አለ። ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ሽቦውን እንደ ቀለበት ከቦት ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ግን ሽፋኑ እንዳለ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያልፍም። በዓይን ሳየው እንከን የለውም ብዬ ስንቴ አለፍኩት! ስለዚህ የመልቲሜትሩን ጫፎች ሽቦው ላይ ሳይሆን ሽቦው የተበየደበት የቦርዱ መዳብ ላይ አሳርፉ። መስመሩ ከተቋረጠ ሽቦውን ንቀሉ፣ ቀላ ያለው መዳብ እስኪወጣ በምላጭ ዙሪያውን ፋቁ፣ መጀመሪያ ለብቻው ሊድ አልብሱት፣ ከዚያ መልሳችሁ በይዱ።

መቀበሉ ከተስተካከለ መላኩን ሞክሩ፤ ያለ ጭነት፣ ማለትም በአንቴናው ፈንታ ኃይሉን የሚቀበል ነገር ሳታያይዙ ግን ፈጽሞ አትላኩ። 20 ባለ 1 ኪሎ ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 50 ኦም ይሆናሉ፤ 10 ዋትም ይችላሉ። በሽቦ የተጠቀለለ ሬዚስተር አይሆንም፤ ራሱ ጥቅልል ነውና። የመላኪያውን ኃይል የሚያጎላው አይአርኤፍ 510 ትራንዚስተር ጀርባው ላይ ያለው ብረት ከድሬኑ (ከአንዱ እግሩ) ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ማይካ ካልተለየ ሾርት ያደርጋል። ባያሱንም (ትራንዚስተሩን የሚያነቃውን ቮልቴጅ) ከዝቅተኛው ጀምራችሁ፣ አምፔሩን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ማይኩ ላይ ስትናገሩ ድምፃችሁ ጎን ካለው፣ ኤስኤስቢ (ይህ ሬዲዮ ድምፅ የሚልክበትን ዘዴ) ከሚይዝ ሬዲዮ ጠርቶ ከወጣ፣ ፈቃድም ካላችሁ፣ አንቴናውን ሰኩት።