ከግድብ ሐይቅ በላይ ያለ ተንሸራታች ገደል፦ ብረቱ ይቆይ፣ ውሃው ይቅደም

ከግድብ ሐይቅ በላይ የሚንሸራተት አለት ሲገኝ ብዙዎች የሚቸኩሉት ብረት ለመቅበርና ሾትክሪት (በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት) ለመርጨት ነው። መቅደም ያለበት ግን ውሃው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በመንሸራተቻው ንጣፍ ላይ ያለው ውሃ በ10 ሜትር ሲወርድ፣ አለቱን ከሥሩ ወደ ላይ ያነሣ የነበረ በካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ግፊት ይወገዳል። ንጣፉ 100 በ100 ሜትር ቢሆን 100,000 ቶን ይሆናል። ያንኑ ጫና በአንከር (አለቱ ውስጥ ተቀብሮ በሚወጠር ረጅም የብረት ገመድ ወይም ዘንግ) ለማምጣት እያንዳንዳቸው 100 ቶን የሚይዙ 1,000 አንከሮች ያስፈልጋሉ።

ገደሉን በእግር ዙሩት፤ ከአናቱ ጀምሩ። ከጠርዙ ኋላ የተከፈተ ስንጥቅ፣ የተጣመመ ግንድ፣ አዲስ የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ካገኛችሁ ካርታ ላይ አስፍሩ። ቀጥሎ የአለቱን ንጣፎችና ስንጥቆች አቅጣጫና ዝንባሌ በጂኦሎጂ ኮምፓስ ለኩ። የሚያሰጋው ንጣፍ የሚያዘቀዝቀው ገደሉ ፊቱን ወደ ሰጠበት አቅጣጫ ነው፤ ልዩነታቸው ከ20 ዲግሪ አይበልጥም። ከገደሉ ፊት ይልቅ ለስለስ ያለ ተዳፋት ስላለው ጫፉ ፊቱ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ ዝንባሌው ደግሞ ከሰበቃ ማዕዘኑ፣ ማለትም አለት በአለት ላይ መንሸራተት ከሚጀምርበት ዝንባሌ፣ ይበልጣል። በንጣፎቹ መካከል ቀጭን ሸክላ ካለ ይህ ማዕዘን ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የአለት ናሙና ለማውጣት ስትቆፍሩ ሸክላውን የቁፋሮው ውሃ አጥቦ ስለሚወስደው ከናሙና ሳጥኑ ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ጎድሎ ብታገኙ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ያችን ነው።

የኢንክሊኖሜትር (ገደሉ ውስጥ ውስጡን ሲንቀሳቀስ የሚለካ መሣሪያ) ቱቦ ከተገመተው ንጣፍ በታች ቢያንስ 5 ሜትር ወደ ጽኑ አለት ይግባ። ካጠረ ግርጌው ከገደሉ ጋር አብሮ ስለሚሄድ መሣሪያው «እንቅስቃሴ የለም» ይላችኋል። የውሃ ግፊት የሚለካውን ፒዞሜትርም በንጣፉ ጥልቀት ላይ አስቀምጣችሁ ከላይና ከታች ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ፣ በቤንቶናይት፣ ድፈኑት። ክፍት ከተተወ የሚያነበው የየንጣፉን ውሃ ድብልቅ ነው።

አሁን ወደ ማፋሰሱ። መጀመሪያ የአናቱን ስንጥቆች በሸክላ ድፈኑ፤ ከኋላቸው ጎርፍ መቀየሻ ቦይ ቆፍሩ። ከዚያ ከግርጌው ከ76 እስከ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች በየ5 እስከ 10 ሜትሩ ይቦረቦራሉ። ውሃው በራሱ እንዲወርድ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያዘንብሉ፤ የመንሸራተቻውን ንጣፍም አልፈው ይሂዱ። ውስጣቸው ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ ይግባ። ቱቦዎቹ በኖራ ድንጋይ ዝቃጭ፣ በዝገትና በሥር ይደፈናሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ በግፊት ውሃ እጠቧቸው። የእያንዳንዱን ፍሰት በባልዲና በሰዓት ለክታችሁ መዝግቡ። ፒዞሜትሩ እየጨመረ ፍሰቱ ከቀነሰ ቱቦው ተደፍኗል። ትልልቅ ተንሸራታቾች በቀዳዳ ብቻ አይደርቁም፤ በኒውዚላንድ የክላይድ ግድብ ሐይቅ ዳር እንደተደረገው ከንጣፉ በታች የማፋሰሻ ዋሻ ይቆፈራል። ዋሻው ከሐይቁ ወለል በታች ከሆነ ፓምፕና መጠባበቂያ ጄኔሬተር የግድ ነው።

ብረቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ልል ድንጋይ ከላይ ወደ ታች ይራገፋል፤ ከታች የጀመረ ሠራተኛ ናዳው ራሱ ላይ ይወርድበታል። ከ4 እስከ 6 ሜትር ርዝመት ያለው 25 ሚሊሜትር ቦልት (አለት ውስጥ የሚቀበር የብረት ዘንግ) ነጠላ ብሎክ ይይዛል እንጂ ጥልቅ ተንሸራታችን አያቆምም። ብረቱን ከአለቱ ጋር የሚያጣብቀው የሲሚንቶ ድብልቅ፣ ግራውቱ፣ 100 ኪሎ ሲሚንቶ ከ40 እስከ 45 ሊትር ውሃ ነው፤ አየር እንዳይቀር ከጉድጓዱ ጫፍ ጀምሮ ይሞላ። የአንከሩ በግራውት ከአለቱ ጋር የሚጣበቀው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከንጣፉ ማዶ ይሁን። ሾትክሪት የውሃ መውጫ ካልተተወለት ከጀርባው ውሃ አቁሮ ራሱ ገደሉን ይገፋዋል።

ሐይቁን በደረጃ ሙሉ፤ በየደረጃው ቆማችሁ ንባቦቹን አጢኑ። ማውረዱ የባሰ ሊያሰጋ ይችላል፤ ሐይቁ ሲወርድ አለቱ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ስለማይወርድ። እኛ በቀን ከ0.5 ሜትር በላይ ሳታወርዱ ጀምሩ እንላለን፤ ከዚያ ፒዞሜትሩ ይምራችሁ። በጣሊያን የቫዮንት ግድብ መሐንዲሶች የሐይቁን ከፍታ እያስተካከሉ ተንሸራታቹን እንደሚቆጣጠሩት አምነው ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አለት በአንድ ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ግድቡ ቆሞ ቀረ፤ በላዩ የዘለለው ማዕበል ግን ወደ 2,000 ሰው ገደለ። ስለዚህ የግድቡን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ማዕበሉ የሚደርስበትን ከፍታና የሚያጥለቀልቃቸውን መንደሮች አስቀድማችሁ አስሉ።

ፍጥነቱን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ 1ን ለፍጥነቱ አካፍላችሁ በቀን ላይ ሳሉት። በቀን 2 ሚሊሜትር 0.5፣ 4 ሚሊሜትር 0.25፣ 10 ሚሊሜትር 0.1 ይሆናል። መስመሩ ተስቦ ዜሮን የሚነካበት ቀን ገደሉ ይወርዳል ተብሎ የሚገመትበት ነው። ዝናብ መስመሩን ወዲያና ወዲህ ስለሚያጣምመው ሰዎችን የማስወጣቱ ትእዛዝ ያን ቀን አይጠብቅ። ማን እንደሚያዝ፣ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚያዝ፣ ሳይረን የት እንደሚነፋ ሐይቁ መሞላት ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይፈረም፤ ትእዛዝ ሰጪው ከሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተሩ ጋር ያለማንም ፈቃድ በቀጥታ ይገናኝ።