ዳገት ያቃተው መኪና፦ የካታሊቲክ ችግር ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ሽቅብ ጀምራችኋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ናችሁ፣ ነዳጅ መስጫው ወለሉን ነክቷል። የሞተሩ ዙር ግን ከ3,000 አልወጣም ይላል። ከኋላ የነበረው ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፋችሁ። መኪናው ሲነሳ ደህና ነው፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ደህና ነው፣ ሜዳ ላይም ይሄዳል። እንዲህ የሚሆን የቤንዚን መኪና ጭሱን ማስወጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ተጠርጣሪው ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) በፊት ያለው ጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው።

ግን ቶሎ አትፍረዱ። ድልድዩ አካባቢ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ስትደርሱ 2,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ደህናውም መኪና እዚያ ዳገት ላይ ይደክማል። መጠርጠር ያለባችሁ ባለፈው ወር በደንብ የወጣውን ዳገት ዛሬ እምቢ ካለ ነው።

ጉልበት ሲያጣ

ካታሊቲኩ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ አለ። ቀዳዳዎቹ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተቀብተዋል። መርዛማው ጭስ እዚያ ሲያልፍ ይጣራል። ሴራሚኩ ከቀለጠ ወይም ጥላሸት ከሞላው ጭሱ መውጫ ያጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከካታሊቲኩ በፊት ያለውን፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር ፍቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ 22 ቁልፍ ይይዘዋል። በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ጌጅ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። በሚኒሞ ግፊቱ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች፣ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከወጣ መንገዱ ተዘግቷል። ጌጅ ያለው ጋራዥ ካጣችሁ ቀዳዳውን ክፍት ትታችሁ ለአጭር ጊዜ ነዳጅ ስጡት። ጩኸቱ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፣ ትኩስ ጭስም ስለሚወጣ እጃችሁንና ሽቦዎቹን አርቁ። ሞተሩ ቅድም እምቢ ያለውን ዙር አሁን በቀላሉ ከወጣ መልሱን አገኛችሁ።

አንዳንድ መካኒኮች የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል በሚያሳይ ቫኪዩም ጌጅ ይለካሉ። መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከ10 እስከ 13 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቁ ደህና ሞተር ያስፈቱ አሉ። እዚህ ዋናው ቁጥሩ አይደለም። ዙሩን 2,500 ላይ ይዛችሁ ስትቆዩ መርፌው ቀስ እያለ መውረዱን ከቀጠለ፣ ችግሩ መዘጋት ነው።

የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ

ኮምፒውተር ስታስደርጉ ፒ0420 የሚል ኮድ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ካታሊቲክ ፍለጋ ይሄዳል። ኮዱ የሚለው ግን የማጣራት አቅሙ ዝቅ ብሎ ታይቷል ነው። ከጭስ ቱቦው የሚገባ አየርም ያንኑ ኮድ ያመጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ስር ጎንበስ ብላችሁ አዳምጡ። ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ካለ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ከታየ፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) መቀየር ወይም ብየዳ ሊበቃው ይችላል።

ቱቦው ደህና ከሆነ፣ ስልክ ላይ በሚሠራ የብሉቱዝ ማንበቢያ የኋለኛውን ሴንሰር ተመልከቱ። ሞተሩ ሞቆ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ከረጋ ካታሊቲኩ እየሠራ ነው። ከ0.1 እስከ 0.9 ቶሎ ቶሎ ከዋዠቀ አልቆለታል። የፊተኛው ሴንሰር ብዙ ቶዮታዎች ላይ ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ሁለቱን በማወዳደር አትደናገሩ።

ሽታና ኳኳታ

የገማ እንቁላል ከሸተታችሁ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ወይም ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ድኝ ብዙ ነው። መጀመሪያ ነዳጁን ከሌላ ማደያ ቀይሩ። ከስር ኳኳ ካለ ደግሞ በቀዘቀዘ ጊዜ በመዳፋችሁ መታ አድርጉት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል። ድንጋይ መትቶት ይሆናል፣ ወይም ግሎ እያለ ውኃ ተሻግሮ።

ማን ገደለው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ካታሊቲክ በራሱ ጊዜ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። አንዱ ካንዴላ (እሳት ሰጪው) ወይም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ካልሠራ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊቲኩ ውስጥ ሄዶ ይነዳል፣ ሴራሚኩንም ያቀልጠዋል። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ካለ ይህ እየሆነ ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ልቀቁና ጥግ ያዙ። ሰማያዊ ጭስ ካለ የፒስተኑ ፋሻ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ካታሊቲኩን ያበላሻል። የራዲያተር ውኃ የሚጎድል ከሆነም ወደ ጭሱ እየገባ ሊሆን ስለሚችል የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን አስፈትሹ። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚንም ላምባ ሊቀላቀልበት ስለሚችል አይታመንም።

ጋራዥ ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገርም አለ። የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ኮይል ይነቅላሉ። በዚያ ጊዜ ጥሬ ቤንዚን ቀጥታ ወደ ካታሊቲኩ ይሄዳል። በምትኩ ነዳጅ የሚረጨውን የኢንጀክተሩን ሶኬት ንቀሉ በሏቸው። መኪና ገፍቶ ማስነሳትም ሲደጋገም ያው ነው።

መፍትሄው

ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ መግጠም ብር መጣል ነው። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ለቀለጠ ሴራሚክ ምንም አያደርግም። ውስጡን ቦርቡሮ ባዶ ማስቀረት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም፤ መብራቱ አይጠፋም፣ መርዙም ሳይጣራ ይወጣል። ያገለገለ ከገዛችሁ በአንድ በኩል ባትሪ አብሩና በሌላው እዩት። ቀዳዳው ሁሉ ብርሃን ካላሳለፈ ተዉት። አዲስ ከአዲስ አበባ፣ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ፣ ስታስመጡ የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ፤ በመኪናው ስም ብቻ ብታዙ የማይገጥም ሊመጣ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ ኮዱን አስጠፉና ጥቂት ቀን ነድታችሁ እንደገና አስነብቡት። በመኸር ወቅት ደግሞ የጋለ መኪና ጭድ ላይ አታቁሙ፤ እሳት ያስነሳል።

አሮጌውን «እኛ እንጥልላችኋለን» ካሏችሁ እሺ አትበሉ። ውስጡ ያለው ማዕድን ገዥ አለው። ይዛችሁት ሂዱ፣ ካልሆነም ከሂሳቡ ይቀነስላችሁ።