የሳንድዊች ዳቦ ኦቭን ውስጥ ሲሟሽሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ሊጡ ጨርሶ ካልተነሳ እርሾው ሞቷል፣ አዲስ ግዙ። እኔን ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ሌላው ነው።

ምልክቱ፦ ሊጡ ፓትራው ላይ ኩፍ ብሎ ያምራል። ኦቭን ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አናቱ ይሰረጉዳል።

ምክንያቱ፦ ከልክ በላይ ተነስቷል። ሰው ግን “እርሾ አንሶት ነው” ብሎ በሚቀጥለው ይጨምራል። ይብስበታል! አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ እየጨመረች ለ500 ግራም ዱቄት ሁለት ሙሉ ፓኬት እስከ መክተት ደርሳ ነበር። ሊጡ ከፓትራው ገንፍሎ ኦቭኑ ወለል ላይ አረረ። የተረፈውም መሃሉ ጎድጉዶ ወጣ። እርሾውን ስናሳንሰው ዳቦው ቀጥ ብሎ ቆመ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይሰፋል፣ ሊጡም ቶሎ ይነሳል። ውጭ አገር ያለች እህታችሁ የላከችላችሁ አሠራር “አንድ ሰዓት ይቀመጥ” ቢል፣ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። እዚህ በአንድ ሰዓት ያልፍበታል። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ሊጥ ደግሞ የኦቭን ሙቀት ሲያገኘው ጋዙን መያዝ ያቅተዋል።

መፍትሄው፦ እርሾውን በሩብ ያህል ቀንሱ። 7 ግራም የሚል ከሆነ 5 ይበቃል። ውሃው አይሙቅ። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ። ከፓትራው ጠርዝ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ጫን አድርጉት። ወዲያው ከተመለሰ ጠብቁ። ቀስ ብሎ ተመልሶ ትንሽ ጉድጓድ ካስቀረ አሁኑኑ አስገቡት። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ እንዳታስገቡት። አየሩን አስወጡና እንደገና ጠቅልላችሁ ለአጭር ጊዜ ይነሳ።

ኦቭኑ ቀድሞ ይጋል። ሊጡ ከደረሰ በኋላ ኦቭን የሚለኩስ ሰው ያናድደኛል፤ እስኪግል ድረስ ሊጡ ያልፍበታል። ሊጥ ፀሐይ ላይ አይሰጣም! መብራት ከሄደባችሁ ፓትራውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ክተቱት። በሩን ካልከፈታችሁ ቅዝቃዜው ይቆያል፣ ሊጡም ይዘገያል።

ሲቆረጥ ከተፈረፈረ፦ በደንብ አልታሸም። ስትስቡት ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን እስኪያሳይ እሹት። ፉርኖ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ምንም ብታሹት የሚበጣጠስ ዱቄት በዳቦ ዱቄት ዋጋ ይሸጡላችኋል። እሱን ለብስኩት አውሉት፣ ሁለተኛም አትግዙት።

መሃሉ ከተጣበቀ፦ ወይ በትኩሱ ቆርጣችሁታል፣ ወይ አልበሰለም። ቴርሞሜትር ያላችሁ 95 ዲግሪ አትጠብቁ። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ስለሆነ መሃሉ ከዚያ አያልፍም፣ ቅርፊቱ ብቻ ይደርቃል። 90 ሲሞላ አውጡት።

ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባ፦ ፓትራው ውስጥ ቆይቶ አልቦታል። በወጣ በአምስት ደቂቃው ገልብጡትና ከሥሩ አየር በሚያስገባ ሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ።