በድሬዳዋ ሙቀት የቤት አኳሪየም አጸዳድና አያያዝ

አኳሪየምን (ዓሣ የሚኖርበትን የመስተዋት ገንዳ) ስለ መንከባከብ የሚሰጡ መመሪያዎች በአብዛኛው ብርድ ያለባቸውን አገሮች አስበው የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ስለ ውኃ ማሞቂያ አብዝተው ሲያወሩ ስለ ሙቀት ግን እምብዛም አያነሱም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውኃው ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ በፍጥነት ይተናል፣ ማዕድን ይበዛበታል፣ መብራትም ሳይታሰብ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ከዓሣው ይልቅ የውኃ ጠባቂ መሆን ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ንጹሕ የሚመስል ውኃና ለዓሣ የሚስማማ ውኃ አንድ አለመሆናቸው ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በፊልተሩ (በውኃ ማጣሪያው) ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስተዋቱ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባት ይገባል። በየወሩ ዓሣውን በሳፋ አውጥቶ ጠጠሩን፣ መስተዋቱንና ፊልተሩን በአንድ ቀን በሳሙና ፈግፍጎ የማጠብ ልማድ ዓሣ የሚገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አኳሪየሙ ሲያብረቀርቅ ባክቴሪያው ያልቃል፣ ከቀናት በኋላም ዓሣው አፉን ወደ ላይ ከፍቶ መሞት ይጀምራል። የድሬዳዋ ውኃ ወደ አልካሊነት የሚያደላ መሆኑ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል፤ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱና የአልካሊነቱ መለኪያ) ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ሲሆን፣ ሙቀትም ይህንኑ ይጨምራል።

ትክክለኛው መንገድ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ሳያቋርጡ ማጽዳት ነው። በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አራተኛውን ወይም አንድ አምስተኛውን መቀየር በቂ ነው፤ ባለ 100 ሊትር አኳሪየም ላለው ሰው ይህ ከአንድ ጀሪካን አይበልጥም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ከሳሙና ጋር ተነካክቶ የማያውቅ ባልዲና ቀጭን የውኃ ጎማ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሶኬቱ ይነቀላል። ከዚያም ጎማው በውኃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ በአውራ ጣት እንደተደፈነ ከአኳሪየሙ ዝቅ ብሎ ወደተቀመጠው ባልዲ ይወርዳል፤ ሌላው ጫፍ ወደ ጠጠሩ ይጠጋል። ጣቱ ሲነሣ ውኃው ራሱ መውረድ ይጀምራል፤ በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። የጎማው አፍ ጠጠሩ ውስጥ ገባ ወጣ ሲል በድንጋዮቹ መካከል የተጠራቀመው ቡናማ ዝቃጭ እንደ ጭስ ተነሥቶ በጎማው ሲሄድ ይታያል፤ ጠጠሩም መሳብ ሲጀምር ጎማውን በጣት ጠበቅ ቢያደርጉት ድንጋዩ ተመልሶ ይወድቃል። በአንድ ሳምንት የጠጠሩን ግማሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ግማሽ ማጽዳት ባክቴሪያውን ያተርፋል።

ባልዲው ውስጥ የገባው ውኃ ከመደፋቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀረዋል። የፊልተሩ ስፖንጅ የሚታጠበው በዚሁ ውኃ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ውኃ እንደልብ ማሳለፍ ከቻለ ይበቃዋል። ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ወይም በበረኪና ማጠብ ግን ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። የቀረውን ጥቁር ውኃ ለሎሚው ወይም ለጓሮው አትክልት ማጠጣት ይቻላል፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ማዳበሪያ ነው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም መድፋቱ ያስቆጫል።

የሚጨመረው ውኃ ከመግባቱ በፊት አፉ በሰፋ ዕቃ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢቀመጥ ክሎሪኑ ይወጣለታል፤ የአየር ፓምፕ ቢገባበት ደግሞ ይፋጠናል። ዕቃው በስስ ጨርቅ መሸፈን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ወረርሽኝ ሆኖ የተነሣው የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊ ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በሚጠራቀም እንዲህ ባለ ውኃ ነው። ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ እኩለ ቀን ላይ የተቀዳ ውኃ ለእጅ እንኳ የሚፋጅ ስለሚሆን፣ ውኃ የመቀየሩ ሥራ ለማለዳ ቢተው ይመረጣል፤ በአዲሱና በነባሩ ውኃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከሁለት ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የማያይ የድሬዳዋ ቤት የለም። ያው ቅርፊት በአኳሪየሙ መስተዋት ላይ፣ ውኃው በጎደለበት ልክ፣ እንደ ኖራ መስመር ሆኖ ይጋገራል። ይህን ለማስለቀቅ የውኃውን ከፍታ ዝቅ አድርጎ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ መለጠፍና በንጹሕ ውኃ ማበስ ይበቃል፤ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። መስመሩ አንድ ሌላ ነገርም ያመለክታል፤ ውኃ ሲተን ማዕድኑ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ መኖር የውኃውን ማዕድን ከወር ወር ያበዛዋል። መሙላት መቀየርን አይተካም። በእኔ እምነት ከውኃው ጋር ከመታገል ይልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ውኃ የተፈጠሩ ዓሦችን መምረጥ የተሻለ ነው፤ ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ፣ እንዲሁም ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የመጡ ሲክሊዶች ማዕድን የበዛበትን ውኃ ይወዱታል። ወርቃማው ጎልድፊሽ ግን ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ስለሚፈልግ ከ1,850 ሜትር በላይ ላለችው ሐረር ይሻላል።

ሙቀቱ በግንቦትና በሰኔ ትልቁ ፈተና ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ በድሬዳዋ ከፍታ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ዓሦቹ ላይኛው ውኃ ላይ ተሰብስበው ስንጥባቸውን በፍጥነት ሲያርገበግቡ ከታዩ ርቧቸው ሳይሆን አየር አጥሯቸው ነውና ምግብ መጨመር ስሕተት ነው። ክዳኑን በመረብ ተክቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ውኃው ፊት ማዞር ትነቱን ስለሚያፋጥን ውኃውን ጥቂት ዲግሪ ያበርደዋል። በረዶ የሆነ የታሸገ ጠርሙስ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ይበቃል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ከሙቀቱ ባልተናነሰ ይጎዳልና። አኳሪየሙ ፀሐይ በማይገባበት ግድግዳ አጠገብ ቢቀመጥና መብራቱ በቀን ከስምንት ሰዓት ባይበልጥ ሙቀቱም አልጌውም ይቀንሳል።

የአየር ፓምፕ የሚስበው የክፍሉን አየር መሆኑ ይዘነጋል። ለወባ ትንኝ የሚነፋ መድኃኒት ለሰው እምብዛም ባይጎዳም ዓሣን በጥቂት መጠን ይገድላል፤ ቤት ሲረጭ ፓምፑ ጠፍቶ አኳሪየሙ በፕላስቲክ መሸፈን፣ ክፍሉም በደንብ ከተናፈሰ በኋላ መከፈት ይገባዋል። የቡናው ዕጣንና ከሰል የሚጤሱትም ከፓምፑ ራቅ ብለው ቢሆን ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ ውኃው መንቀሳቀሱን ያቆማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካለ ችግሩ ይቀላል፤ ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኦክስጅን ይጨምራል። መብራት እስኪመለስ ምግብ አይሰጥም። ለብዙ ሰዓታት የቆመ ዝግ ፊልተር (ክዳኑ የታሸገ ማጣሪያ) ውስጡ ያለው ውኃ ስለሚበላሽ፣ ሳይከፈትና ውኃው ሳይደፋ መልሶ ማስነሣት መርዙን ወደ ዓሦቹ መልቀቅ ነው።

ምግብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሰጣል። በርጫ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ለውዝና ዳቦ ቆርሶ የመወርወር አመል ስላለው፣ ክዳኑን መዝጋት ከመናገር ይቀላል። ቤተሰቡ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ውኃ ቀይሮ መሄድ ጥሩ ነው፤ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዓሣ ያለ ምግብ ሳምንት ይቆያል። መንገዱ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ፣ የምግቡን ቆርቆሮ እንዳለ ለጎረቤት ከመስጠት ይልቅ የእያንዳንዱን ቀን መጠን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቀኑንም ጽፎበት መተው ይሻላል።