በጋዝ ሞተር የሚነዳ የኢንዱስትሪ ፓምፕ ሲተከል የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አዲስ የተተከለ ፓምፕ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካካው የሞተሩ ማስተካከያ ነው። በዚህ ወቅት የሚታየው ብልሽት ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ከመሠረቱ፣ ከቱቦ ሥራው ወይም ከጋዝ መስመሩ ስለሆነ ምርመራው ከእነዚህ ቢጀምር ይመረጣል። ከምርመራው በፊት ሞተሩ ይቆም፣ የጋዝ መዝጊያው ተዘግቶ በቁልፍ ይቆለፍ፣ ባትሪውም ይነቀል። የማስወጫ ቱቦው ቫልቭም መዘጋት አለበት፤ በቱቦው የቀረው ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ የቆመውን ፓምፕ ሊያሽከረክረው ይችላልና።

የጋዝ ሽታ ሲኖር

ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፤ የአየር ማራገቢያውም ቢሆን አይበራም። ጋዙ ከክፍሉ ውጭ ካለው መዝጊያ ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ሰዎችም ይወጣሉ። የተለመደው መንስኤ ጠንካራው የጋዝ ቱቦ ያለ ተጣጣፊ ማገናኛ በቀጥታ ከሞተሩ ጋር መታሰሩ ሲሆን፣ የሞተሩ ንዝረት ውሎ አድሮ መጋጠሚያውን ያላላዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው ቱቦውን ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር አጥብቆ ማሰርና የመጨረሻውን ክፍል ለጋዝ በተፈቀደ ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ይፈተሻል፤ በእሳት መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያው የሚሰቀልበት ቦታም እንደ ጋዙ ዓይነት ይለያያል። ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል የሚቀጣጠለው ሜቴን ከአየር ስለሚቀል ከጣሪያ ሥር ይጠራቀማል፤ ፕሮፔን ግን ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድና በቱቦ ቦይ ውስጥ ይተኛል።

ሽታ ሳይኖር ሠራተኞች ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማቸው የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሰዎቹ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፣ ሞተሩም ይቁም፤ ከዚያ የጭስ ማውጫው መጋጠሚያዎችና ጭሱ የሚወጣበት አፍ ይታያሉ። አፉ ከአየር ማስገቢያና ከመስኮት አጠገብ ከሆነ መዛወር አለበት።

ከባድ ንዝረትና ቶሎ የሚያልቅ ኮፕሊንግ

የሞተሩንና የፓምፑን ዘንጎች ከሚያገናኘው ኮፕሊንግ ሥር የጎማ ዱቄት መታየቱ የዘንጎቹ መስመር አለመገጣጠም ምልክት ነው። ጎማውን ብቻ መቀየር ግን ችግሩን ለቀጣዩ ወር ከማስተላለፍ አያልፍም።

መጀመሪያ መሠረቱ ይታይ። የኮንክሪቱ ክብደት ከማሽኑ ክብደት ቢያንስ 3 እጥፍ፣ ፒስተን ላለው ሞተር ደግሞ እስከ 5 እጥፍ እንዲሆን ማድረግ የተለመደ መነሻ ነው። የብረት መቀመጫው በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ያለው ግራውት (በመቀመጫውና በኮንክሪቱ መካከል የሚፈስ ማጣበቂያ ሙሌት) አልሞላም ማለት ነውና እንደገና መሞላት ይኖርበታል። ቀጥሎ የማሽኑ እግሮች ብሎን አንድ በአንድ እየተፈታ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ) ይለካል፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ብድግ የሚል እግር ካለ ከሥሩ በሺም (በሚነጠፍ ስስ ብረት) መስተካከል አለበት።

ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ንዝረቱ ካልቆመ ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚታሰርባቸውን የፍላንጆች (የመጋጠሚያ ጠርዞች) ብሎኖች ይፍቱ። ፍላንጆቹ ሳይነኩ ፊት ለፊት ተገጣጥመው መቆየት፣ ብሎኖቹም በእጅ መግባት አለባቸው። ቱቦውን በሰንሰለት ወይም በክሪክ ጎትቶ ማጋጠም ፓምፑን ከመስመሩ ስለሚያወጣው ቱቦው ራሱ ተቆርጦ ይስተካከል፤ የራሱ ድጋፍም ይሠራለት።

የሚዘነጋው ሙቀት ነው። ብረት በአንድ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በግምት 0.012 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም፣ ዘንጉ ከመቀመጫው ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ ሞተር በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ማሽኑ ሳይሞቅ የሚደረገው የዘንጎቹ መስመር ልኬት አምራቹ በሰጠው ልዩነት መሠረት ይደረጋል፤ ማሽኑ በሙሉ ጭነት ሠርቶ እንደሞቀም ቆሞ እንደገና ይለካል።

ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅና የውሃ ማነስ

ውሃው በመምጠጫው በኩል ግፊት አጥቶ ይፈላል፣ ወይም አየር እየገባ ነው። ለመለየት የማስወጫ ቫልቩን በጥቂቱ ይዝጉ፤ ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ የመጀመሪያው ይሆናል። የመምጠጫውን ቫልቭ በከፊል መዝጋት ችግሩን ያባብሰዋል።

የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ብቻ መግፋት ስለሚችል በተግባር ከ6 እስከ 7 ሜትር በላይ መምጠጥ አይታሰብም፤ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ ግፊት ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ፣ የመምጠጫ ቱቦውን ማስፋትና ወንፊቱን ማጽዳት ነው። ቱቦው የሚጠብበት ማገናኛ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ ካልሆነ አየር ከላይ ይጠራቀማል። የመምጠጫ መጋጠሚያ ሲላላ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ውሃ ላይንጠባጠብ ስለሚችል ደረቅ መሆኑ አያዘናጋ።

ያለ ጭነት ደህና ሠርቶ በጭነት ጊዜ የሚደክም ሞተር

የጋዝ ግፊቱ የሚለካው ሞተሩ በሙሉ ጭነት ላይ እያለ ከሞተሩ መግቢያ ላይ ነው፤ ቆሞ የተለካ ግፊት አሳሳች ነው። በጭነት ጊዜ ከወረደ ቱቦው ጠቧል ወይም ሬጉሌተሩ (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው) አንሷል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣም ይታሰብ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ ከራዲያተሩ የወጣው ሙቅ አየር ወደ ክፍሉ እየተመለሰ መሆኑን ይፈትሹና በአየር ቦይ ወደ ውጭ ያስወጡት።

ሲታዘዝ የማይቆም ሞተር፣ ሲነሳም ከማርሚታው የሚሰማ ፍንዳታ

ማግኔቶ (ያለ ባትሪ የካንዴላ እሳት የሚያመነጭ መሣሪያ) ያለው ሞተር የካንዴላ እሳቱ የሚጠፋው በአንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ፣ ሽቦው በተበጠሰ ጊዜ ማቆሚያው አይሠራም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ የጋዝ ቫልቭ ይጨመር። በመደበኛ ማቆም ጊዜ እሳቱ ቀድሞ ከጠፋ ያልተቃጠለ ጋዝ በጭስ ማውጫው ይቀርና በቀጣዩ ማስነሻ ይፈነዳል፤ ጋዙ ቀድሞ ተዘግቶ የቀረው ተቃጥሎ ይለቅ። ፓምፑ ውሃ ሲያጣ ጭነቱ በድንገት ስለሚወርድና ሞተሩ ሊፈጥን ስለሚችል ከልክ በላይ ሲፈጥን ሞተሩን የሚያቆመው የፍጥነት መዝጊያም አምራቹ በወሰነው መጠን ተስተካክሎ፣ ፓምፑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በተግባር ይሞከራል።