የኮርነርባክን የሙያ ዕድሜ የሚያሳጥሩ ስህተቶች

በአሜሪካ ፉትቦል ኮርነርባክ የሚባለው በሜዳው ዳር ቆሞ የተጋጣሚን ፈጣን ኳስ ተቀባይ፣ ማለትም ሪሲቨሩን፣ የሚጠብቅ ተከላካይ ነው። ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያውቃል፤ ፊቱንም ወደፊት አድርጎ ይነሣል። ኮርነርባኩ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ጉድለት በችኮላ ለመሙላት ከመሞከር ነው። ከእግርና ከዓይን ይጀምራሉ፤ እያደሩ ውልና ጤናም ላይ ይደርሳሉ።

ለሰዓት ብቻ መሮጥ

በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚካሄደው የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ሊግ፣ መመዘኛ ወጣቶች 40 ያርድ፣ ወደ 36.6 ሜትር ገደማ፣ ሰዓት እየተያዘላቸው ይሮጣሉ። ብዙዎች ወራት ሙሉ የሚዘጋጁት ለዚህች ሩጫ ነው። ሩጫዋ ግን ቀጥ ያለች ናት። የኮርነርባክ ሥራ ወደ ኋላ መሄድ፣ መቆም፣ ዳሌን ማዞርና እንደገና መነሣት ነው። በ2022 ካሎን ባርንስ በ4.23 ሰከንድ ሮጦ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት የተመረጠው በመጨረሻው፣ በ7ኛው ዙር ነበር። ሪቻርድ ሸርማን ደግሞ ከ4.5 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት በ2011 በ5ኛው ዙር 154ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2013 በ8 ጠለፋ፣ ማለትም ተጋጣሚ የወረወረውን ኳስ 8 ጊዜ በመያዝ፣ የሊጉ አንደኛ ሆነ።

ለቦታው የሚጠቅመው ልምምድ ቀላል ይመስላል። ከ5 እስከ 7 ያርድ ወደ ኋላ መሄድ፣ ደረትን ከእግር ጣቶች በላይ ማቆየት፣ ተረከዝን መሬት አለማስመታት፤ ከዚያ አሰልጣኙ ምልክት ሲሰጥ በ45 ዲግሪ ወደፊት መፈንጠር ነው። መታየት ያለበት የሚያቆመው እግር የት እንዳረፈ ነው። ከዳሌ ሥር ካረፈ አንድ እርምጃ ይበቃል። ወደ ጎን ርቆ ካረፈ ሰውነትን ለመመለስ ሌላ እርምጃ ያስፈልጋል፤ በዚያች እርምጃ ውስጥ ሪሲቨሩ ኳሷን ይዟል።

ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለት እጅን መወርወር

ኮርነርባኩ ከሪሲቨሩ በአንድ ያርድ ርቀት ፊት ለፊት ሲቆም የሚፈጽመው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ሪሲቨሩ እግሩን በፍጥነት እየቀያየረ ያታልላል፤ ተከላካዩ ትዕግሥት ያጣና ሁለት እጁን ይወረውራል። ክብደቱ ወደፊት ይወድቃል፣ ሪሲቨሩ እጆቹን በአንድ ምት አንሥቶ ያልፈዋል፤ ከኋላ ማንም ከሌለ ነገሩ አለቀ።

መፍትሔው በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች አጫጭር የጎን እርምጃ እየወሰዱ መጠበቅ ነው። ዓይን ከሪሲቨሩ ቀበቶ አይነሣም። ጭንቅላትና ትከሻ ያታልላሉ፤ ወገብ ግን ሰውየው ወደሚሄድበት ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለውም። ሪሲቨሩ ወደ ኮርነርባኩ ግራ ከወጣ የሚመታው ቀኝ እጅ ነው፤ ወደ ቀኝ ከወጣ ግራ። ምክንያቱም ተቃራኒው እጅ ሲዘረጋ ዳሌው ወደ ሩጫው አቅጣጫ ይከፈታል። በዚያው በኩል ያለው እጅ ከተዘረጋ ዳሌው ተዘግቶ ይቀራል፣ ተከላካዩም ለመሮጥ መጀመሪያ መዞር አለበት።

እጁ መቼ መነሣት እንዳለበትም ሕግ ይወስናል። ከ1978 ጀምሮ፣ ኳርተርባኩ፣ ማለትም የተጋጣሚው ኳስ ወርዋሪ፣ ኳሷን ይዞ በመከላከያ ክበቡ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ጨዋታው ከተጀመረበት መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ ሪሲቨርን መግፋት ክልክል ነው። የፒትስበርጉ ሜል ብላውንት ተቀባዮችን በሜዳው ሁሉ እየገፋ ያሸንፍ ስለነበር ብዙዎች ሕጉን በእሱ ስም ይጠሩታል። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ መሆኑ ያዘናጋል። ከዚያ ጋር አዲስ የመጀመሪያ ሙከራ፣ ማለትም 10 ያርድ ለመሄድ እንደገና አራት ዕድል፣ ይሰጣል፤ ስለዚህ በ3ኛ ሙከራ 20 ያርድ ቀርቶት ተስፋ የቆረጠ ቡድን በአንዲት ግፊያ ይተርፋል።

ኳርተርባኩን ሰርቆ ማየት

ሰው በሰው በሚጠበቅበት ጊዜ ዓይን ወደ ኳርተርባኩ ለአፍታ እንኳ ከሄደ ሪሲቨሩ ይጠፋል። ድርብ ማታለያ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ሪሲቨሩ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ መስሎ ይቆማል፣ ኳርተርባኩ የመወርወር ምልክት ያሳያል፣ ተከላካዩ ሊጠልፍ ይዘላል፣ ሪሲቨሩ ወደፊት ይነጉዳል። በዞን መከላከል፣ ማለትም በሰው ፈንታ የሜዳው ክፍል ሲጠበቅ፣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ኳርተርባኩ ላይ ሆኖ ሪሲቨሩ በዳር ዕይታ ይያዛል። ከጨዋታው በፊት የተጠራው መከላከያ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ያላወቀ ተጫዋች ሁለቱንም በግማሽ ይሠራል፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው።

ኳሷ በአየር ላይ ሳለች በተሳሳተ ጊዜ መዞር

እዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጨዋታ የሚጠፋው በዚህች ሰከንድ ነው። ኮርነርባኩ ከሪሲቨሩ ጎን ከሆነ፣ ማለትም ትከሻው ከሪሲቨሩ ዳሌ ጋር ከተስተካከለና እጁ ከደረሰ፣ ዞሮ ኳሷን መፈለግ ይችላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ ግን መዞር የለበትም፤ ሲዞር ሩጫው ስለሚቀንስ አንዱ እርምጃ ሁለት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚታዩት የሪሲቨሩ ዓይንና እጆች ናቸው። ዓይኑ ይሰፋል፣ እጆቹ ይነሣሉ፤ ኮርነርባኩ እጁን በእነዚያ እጆች መካከል አስገብቶ ወደ ታች ይስባል። ቀድሞ ትከሻ ወይም ክንድ ከያዘ ዳኛው ባንዲራ ይጥላል።

ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾች በዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ይዘው ይመጣሉ። በኮሌጅ ቅብብልን በሕገወጥ መንገድ የማደናቀፍ ቅጣት ከ15 ያርድ አይበልጥም፤ ስለዚህ የተበለጠ ተከላካይ ታችዳውን፣ ማለትም 6 ነጥብ፣ ከሚገባበት ይዞ መቀጣትን ይመርጣል። በኤንኤፍኤል ግን ኳሷ የምትቀመጠው ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ላይ ነው። ጨዋታው ከተጀመረበት መስመር 40 ያርድ ርቆ ያዘ ማለት 40 ያርድ ሰጠ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ኤንድ ዞን፣ ማለትም ታችዳውን በሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ፣ ውስጥ ከሆነ ኳሷ 1 ያርድ መስመር ላይ ትቀመጣለች።

በጠለፋ ብዛት ራስን መመዘን

ዲክ ሌን በ1952፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ12 ጨዋታ 14 ጠለፈ፤ ይህ የአንድ ወቅት ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ቁጥሩ ያምራል፤ ነገር ግን ኳርተርባኮች ጥሩውን ኮርነርባክ ይሸሻሉ። ናምዲ አሶሙጋ በኦክላንድ ከ2007 እስከ 2010 በ4 ወቅቶች የጠለፈው 3 ብቻ ነው፤ ወደ እሱ የሚወረውር ሰው ስላልነበረ። ዳሬል ሪቪስ በሙያ ዘመኑ በሙሉ 29 ጠልፎ በ2023 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ጠለፋ ለማሳደድ ቦታውን የሚለቅ ወጣት አንዷን ሲያገኝ ሁለት ታችዳውን ይሰጣል፤ አሰልጣኞች ቪዲዮውን ሲያዩ የሚቆጥሩት ታችዳውኖቹን ነው።

ቪዲዮ አይቶ አለማጥናት

ማልኮም በትለር ማንም ቡድን በድራፍት ሳይመርጠው ከዌስት አላባማ ኮሌጅ ወደ ኒው ኢንግላንድ የመጣ ተጫዋች ነበር። ከሱፐር ቦውል፣ ማለትም ከሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ በፊት በተደረገው ልምምድ ተጋጣሚያቸው ሲያትል የምትጠቀምበትን አንድ የጨዋታ ዕቅድ ሲለማመዱ ተበልጦ ታችዳውን ገባበት። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ኒው ኢንግላንድ 28 ለ 24 እየመራ ሲያትል 1 ያርድ ሲቀራት፣ ሁለት ሪሲቨሮች ተደራርበው ሲቆሙ አየ፤ ያው ዕቅድ መሆኑን አወቀ። የቡድን ጓደኛው ብራንደን ብራውነር የፊተኛውን ሪሲቨር ባለበት አቆመው፣ በትለር በተከፈተው መንገድ ገብቶ ጠለፈ። ከግምት የሚለየው ይህ ነው፦ የሪሲቨሮቹን አቋቋም፣ የሙከራውን ቁጥርና የቀረውን ያርድ አንድ ላይ አይቶ ማጥናት። ቪዲዮን እንደ ጨዋታ ድምቀት እየተመለከቱ ማለፍ ይህን አያስገኝም።

መጣልንና ልዩ ቡድኖችን መናቅ

የአንድ ቡድን ዝርዝር 53 ሰው ነው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ኮርነርባክ በዚያ ውስጥ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ በመከላከል ችሎታው ብቻ ሳይሆን፣ በልዩ ቡድን፣ ማለትም ኳስ በእግር ሲመታ በሚሰለፈው ቡድን፣ ዳር ቆሞ ቀድሞ ስለሚደርስና ኳስ የያዘውን ስለሚጥል ነው። ሲጥል ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በሄልሜት የሚመታ ደግሞ 15 ያርድ ያስቀጣል፤ አንገቱንም ለአደጋ ይዳርጋል።

ስልቱን ሳያዩ ውል መፈረም

በድራፍት የተመረጠ ጀማሪ ውሉ 4 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠ ቡድኑ 5ኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። 3ኛው ወቅት ከማለቁ በፊት ውሉን እንደገና መደራደር አይቻልም። ስለዚህ ትልቁ ምርጫ የሚመጣው በሁለተኛው ውል ላይ ነው፤ ብዙዎችም የሚያዩት ጠቅላላውን ገንዘብ ነው። መታየት ያለባቸው ዋስትና ያለው ክፍልና አሰልጣኙ የሚጫወትበት ስልት ናቸው። አሶሙጋ በኦክላንድ ሰውን በሰው እየያዘ ነበር ስም ያተረፈው። በ2011 ከፊላደልፊያ ጋር በ5 ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ እዚያ የተሰጠው ሥራ ሌላ ነበር፣ በ2013 ተለቀቀ። ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ሰው ነው። ወኪሉ የሚወስደው ድርሻ ከ3 በመቶ መብለጥ እንደማይችልም ማወቅ ይጠቅማል።

ከጉዳት ቀድሞ መመለስ

የኋላ ጭን ጡንቻ ሲጎዳ ሕመሙ በዝግታ ሩጫ ቶሎ ይጠፋል። ይህ ያታልላል፤ ጡንቻው የሚቀደደው በሙሉ ፍጥነትና በድንገት ሲቆሙ ነውና። ወደ ኋላ ሄዶ፣ በግራም በቀኝም ዞሮ፣ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ በማግስቱም ጡንቻው ሳይጠነክርበት የነቃ ተጫዋች ነው ዝግጁ የሚባለው።

ቦታ መቀየርን እንደ ሽንፈት ማየት

እግር ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ዳር ነው። ሮንዴ ባርበር በታምፓ ቤይ 16 ወቅት የቆየው ከዳር ወደ ውስጥ ገብቶ መጫወትን በመልመዱ ነው፤ 47 ጠለፋ ብቻ ሳይሆን ኳርተርባኮችን 28 ጊዜ ጥሏል። ሮድ ውድሰን በ1999 በባልቲሞር ከኮርነርባክነት ወደ ሴፍቲነት፣ ማለትም ከሁሉ ኋላ ወደሚቆመው ተከላካይ፣ ተዛወረ። በሴፍቲነት በ2002፣ በ37 ዓመቱ፣ 8 ኳስ ጠለፈ።